ጠባቡ ሐዲድ

ጋሽ ዳርጌ መጣ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከዚራ በጋለበት፣
ድሬ በሯን ዘግታ ጫቷን በምትቀጥፍበት።
ከሸሚዙ ኪስ፣ ከመነጽሩ ጎን፣ በመሐረብ ጠቅልሎ፣
ክብሪት የምታህል ካሴት አወጣና፣ «አቦ ኢክራም፣» ብሎ፣
«ክፈቺልኝ ይህችን። ካሜራዋ ካረፈች ዓመት አልፏታል፤
የልጅ ልጄ ኮምፒውተር ፊት ነስቷታል።»

ስለ ፎርማት ነገርኩት። ስለ ፋይል፣ ስለ ኮዴክ፣
ሶፍትዌሩ ያቀረቡለትን ሁሉ እንደማያላምጥ፣
እጄን እያወናጨፍኩ፣ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ለፈለፍኩ።
ዝም ብሎ ሰማኝና ጭኑን መታ፦
«ገባኝ! የእኛ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፤
አዲሱ፣ ያ ከከተማ ውጪ የተዘረጋው፣
አንድ ክንድ ሊሞላ ጥቂት የጎደለ ትርፍ አለው።
የእኛን ፉርጎ እዚያ ብታወጪው አንድ እግሩ አየር ላይ ይቀራል።
ፉርጎ ደግሞ አይለጠጥ!
ሁለቱን ጎን ለጎን ታቆሚያለሽ፣
ወዛደር ትጠሪያለሽ፣
ጆንያ በጆንያ ከዚያ ወደዚህ ታሻግሪያለሽ።»
ኮሌጅ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ የለም።
«ስንት ይፈሳል?» አለ።
«ትንሽ፣» አልኩት። መጠኑን አላውቅም።

ኬብሉን ሰካሁ። ካሴት አቋራጭ አያውቅም፤
የስልሳ ደቂቃ መንገድ ስልሳ ደቂቃ ካልሄዱት አያልቅም።
እንደ ባቡሩ ነው፤ ሺኒሌ፣ ሐረዋ፣ ሚሎ፣ አዲጋላ፣
ይቆማል፣ ያፏጫል፣ ይንቀሳቀሳል ኋላ።
በሰከንድ ሃያ አምስት ምስል እየተንጠባጠበ
ግራር፣ አሸዋ፣ ፍየል፣ በመስኮቱ አለፈ።
አንዱ መስመር ሲሳል ሌላው እየተዘለለ፣
የሚሮጥ ነገር ሁሉ ጠርዙ ማበጠሪያ መሰለ፦
ባቡሩን የሚያሳድድ ልጅ፣ የሚውለበለብ ሽርጥ።
የቆመ ብቻ ነው ንጹሕ። ጉብታ። የስልክ እንጨት።
ጄሪካኗን ተደግፋ የምታየን ሴት።

ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ።
ጨለማው ውስጥ ጋሽ ዳርጌ፣
«በይ፣ ከሺኒሌ እንደገና፣» አለ።

ማታ ነው የደረስነው።
አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሰው ካሜራውን አስቀምጦ
ማጥፋት ረሳ።
አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ የሾፌሩ ክፍል ወለል፤
ዘይት የጠጣ ጨርቅ፣ አንድ ፔርሙዝ ወዲህ ወዲያ ሲንከባለል፣
አንድ ጥንድ ሸበጥ፣ የቀኙ ማሰሪያ በሽቦ የተጠገነ፣
አውራ ጣቱ የሞተሩን ምት እየተከተለ።
ከላይ የሁለት ሰው ክርክር፦
«ሩዙን ማን ጨረሰው?»
«አንተ ነሃ!»
«ወላሂ አንተ!»
ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ጡሩምባ፣ ከዚያ ብረት ብቻ።

እጄን ማውዙ ላይ አድርጌ፣ «ይህ ወለል ነው፣ ልቁረጠው፣» አልኩ።
ወንበሩን ስቦ ተጠጋ።
«ሮብሌ ነው። ረዳቴ።
ሁልጊዜ ካሜራውን የሚይዘው እሱ ነበር፤
ለዚህ ነው ካሴቱ ሁሉ እኔ፣ የእኔ ቆብ፣ የእኔ ጀርባ።
ያንን ማሰሪያ እኔ ነኝ በሽቦ ያሰርኩለት፣ አይሻ ላይ።
ፊቱን አልረሳሁም።
ሸበጡን ግን ረስቼው ነበር።»

ሶፍትዌሩ ጠየቀኝ፦ ጥርሱን ላለስልሰው?
እሺ ካልኩት ግማሹን መስመር ይጥላል።
እንቢ አልኩት።
የሮብሌ ጣት ከነማበጠሪያው፣ ከነመንቀጥቀጡ ተሻገረ።

ካሴቷንና ፍላሹን እጁ ላይ አኖርኩለት።
ካሴቷን ጆሮው ጋ ወስዶ ነቀነቃት፤
«አሁን ይህ ፉርጎ ባዶ ነው?»
«አይደለም፣ ጭነቱ እዚያም አለ፣ እዚህም።»

ከደረጃው ወርዶ፣ ባጃጅ እየጠራ፣ ዞር አለ፦
«እንዲህም ማሻገር አለ እንዴ! አቦ፣
ያኔ ብናውቀው ኖሮ፣ እኔና ሮብሌ፣
ከጅቡቲ ያመጣነውን ቆጥሮ ማን ይደርስብን ነበር?»